የዕለት አመጋገቤን ደረጃ በደረጃ ለመለወጥ ከየት ልጀምር?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ዕድሜዬ 41 ነው፤ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጬ እሠራለሁ፤ ቤት ውስጥ ለ4 ሰው አበስላለሁ። ባለፈው ወር ለሌላ ጉዳይ ሐኪም ዘንድ ሄጄ የደም ግፊቴ ሲለካ 138 በ88 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ መድኃኒት አላዘዘችልኝም፤ አመጋገቤን እንዳስተካክልና እንቅስቃሴ እንዳዘወትር ነግራኝ ከ4 ወር በኋላ እንድመለስ ቀጠሮ ሰጠችኝ።

ይህን የምጽፈው ምን መብላት እንዳለብኝ ስለማላውቅ አይደለም። አትክልት እንደሚጠቅም፣ ስኳርና ጨው ሲበዛ እንደሚጎዳ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬአለሁ። የቸገረኝ መዝለቁ ነው። ባለፉት 6 ዓመታት አመጋገቤን ከሥር ከመሠረቱ ልለውጥ 3 ጊዜ ተነሥቼ 3 ጊዜም ወደ ነበርኩበት ተመልሻለሁ። አካሄዴ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። እሑድ ማታ መደርደሪያውን ባዶ አደርገዋለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሻዬን ያለ ስኳር እጠጣለሁ፣ ምሳዬን ሰላጣ ብቻ አደርጋለሁ፣ እራቴን እተዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይለኛል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከጠዋት እስከ ማታ የማስበው ስለ ምግብ ብቻ ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን ደክሞኝ ወደ ቤት ስገባ ልጆቹ የተዉትን ዳቦ ቆሜ እጨርስና "በቃ፣ ተበላሸ" ብዬ ሁሉንም በዚያው ዕለት እተወዋለሁ። ከሦስቱ ሙከራዎች ረጅሙ የቆየው 19 ቀን ነው።

አሁን በሌላ መንገድ መሞከር እፈልጋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጬ፣ እሱ ሲጸናልኝ ወደ ሚቀጥለው መሄድ። የአሁኑ አመጋገቤ ይህን ይመስላል፦ በቀን 4 ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር፤ ጠዋት ነጭ ዳቦ፤ ረፋድ ላይ ብስኩት፤ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሲጫጫነኝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ፤ እራት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት፣ ከቀኑ ምግብ ሁሉ የሚበልጠው። አትክልት የምበላው በሳምንት 3 ወይም 4 ቀን ነው።

ጥያቄዎቼ ሁለት ናቸው። ከእነዚህ የትኛውን ላስቀድም? አንዱ ጸንቶልኛል ብዬ ወደ ሁለተኛው የምሻገረውስ መቼ እንደሆነ በምን ላውቅ እችላለሁ?

ጡረተኛው መምህር፦

እህቴ፣ ጥያቄዎ በደንብ የታሰበበት ስለሆነ መልሱም እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል። እኔ ዛሬ 67 ዓመቴ ነው፤ መለወጥ የጀመርኩት በ58 ዓመቴ ነበር። ከሁሉ በፊት የምመክርዎ ለአንድ ሳምንት ምንም ሳይለውጡ የሚበሉትንና የሚጠጡትን፣ ሰዓቱንና በዚያ ሰዓት ምን እንደተሰማዎት ጭምር በደብተር እንዲጽፉ ነው። ሲጽፉ ራስዎን አይውቀሱ፤ ጽሑፉ ሥራውን የሚሠራው እንዳለው ሲጻፍ ብቻ ነው። እኔ ደብተሬን በሳምንቱ መጨረሻ ሳነበው ከምሳ በኋላ የምበላው ጣፋጭ ርቦኝ ሳይሆን ሥራ መጀመር ከብዶኝ የምበላው እንደነበር ተረዳሁ፤ ይህን በ30 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አስተውዬው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ነገር ሒሳብ ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ይመዝናል። 4 ብርጭቆ ሻይ በ3 ማንኪያ ሲሰላ 12 ማንኪያ፣ ማለትም 48 ግራም ይሆናል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ለስላሳ ደግሞ ወደ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ብስኩቱን ሳንቆጥር 83 ግራም ደርሰናል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ከምግብና ከመጠጥ ጋር የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል፤ በቀን 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው የመጀመሪያው 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም ነው። ስለዚህ ከጻፉልን ውስጥ ክብደት ያለው ሸክም የተቀመጠው በመጠጥዎ ላይ ነው፤ ምግብዎን ሳይነኩ ሊያወርዱት ይችላሉ።

እኔ ብሆን ከሻዩ እጀምራለሁ። ሻይ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚጠጣ ስለሆነ ለውጡን ማስታወስ አያስቸግርም። ግማሽ ማንኪያ ብቻ ቀንሰው 2 ሳምንት ይቆዩ፤ ከዚያ ሌላ ግማሽ። በ4 ብርጭቆ ላይ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ በቀን 8 ግራም ነው፤ ምላስዎ ግን እምብዛም አይቆጣም።

የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ፦

መምህር በሻዩ ጉዳይ ያሉትን እቀበላለሁ፤ ለስላሳውን በተመለከተ ግን የእኔ ተሞክሮ ሌላ ስለሆነ ላካፍል። እኔ በሌሊት ፈረቃ እሠራ በነበረበት ጊዜ በቀን 3 ጠርሙስ እጠጣ ነበር። ከ3 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 1 ልቀንስ ብዬ 5 ወር ታገልኩ። የሆነው ነገር ይህ ነው፦ ቀኑን ሙሉ "ያቺን አንዷን መቼ ልጠጣት?" እያልኩ ሰዓት ስቆጥር እውል ነበር። አንድ ጠርሙስ ብቻ መፍቀዴ ጠርሙሷን ከወትሮው የበለጠ አስወደደብኝ። በመጨረሻ ከቤትም ከሥራ ቦታም አስወጥቼ ሙሉ በሙሉ አቆምኩ፤ በምትኩ ሎሚ የተጨመቀበት ቀዝቃዛ ውኃ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ብርጭቆ መጠጣት ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ 6 ቀናት ራስ ምታት ነበረኝ፤ ከለስላሳው ጋር የምወስደው ካፌይን በመቋረጡ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ አለቀ።

ስለዚህ ደረጃ በደረጃ ማለት ሁልጊዜ መጠኑን በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ማለት አይደለም ብዬ አምናለሁ። ከብዙ ነገሮች መካከል አንዱን ብቻ መርጦ፣ እሱን ግን በአንድ ጊዜ መተውም ደረጃ ነው። ስኳር የገባበት ሻይ ግማሽ ማንኪያ ሲቀነስለት ሻይነቱን አይለቅም፤ ለስላሳ ግን ተከፈተ ማለት ተጠጣ ማለት ነው።

ነርሷ፦

ሁለታችሁም የጻፋችሁት በሥራዬ ላይ ከማየው ጋር ይስማማል። እኔ ሦስት ነገር ልጨምር፤ ሦስተኛውን እባካችሁ ማንም ሳያነብ እንዳያልፈው።

የመጀመሪያው "መቼ ልሻገር?" ለሚለው ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የተሠራ ጥናት ነበር። 96 ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ልማድ መርጠው፣ በቀኑ ውስጥ ከማይቀር ነገር ጋር ለምሳሌ ከምሳ ወይም ከቁርስ ጋር አያይዘው ለ84 ቀን ሞከሩት። ልማዱ ሳይታሰብበት በራሱ መሄድ እስኪጀምር ድረስ የወሰደው ጊዜ አማካዩ 66 ቀን ነበር፤ በሰዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን የሚሆን በጣም ሰፊ ነው (ከ84 ቀን በላይ ያለው በስሌት የተገመተ ነው)። ብዙ ጊዜ የሚነገረው "21 ቀን በቂ ነው" የሚለው አባባል ከዚህ ጋር አይገጥምም። ጠያቂዋ በ19 ቀን የቆመችው ደካማ ስለሆነች አይደለም፤ ብዙ ሰው ገና መንገድ ላይ በሚሆንበት ቀን አስር ነገር ተሸክማ ስለነበር ነው። በዚያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል በልማዱ መጽናት ላይ የሚታይ ጉዳት አላመጣም። ለመሻገር የእኔ መለኪያ እንግዲህ የቀን ቁጥር አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሻይሽን ስታዘጋጂ እጅሽ ሳታስቢበት ልኩን ከወሰደ ተሻገሪ፤ አሁንም ከራስሽ ጋር የምትከራከሪ ከሆነ ቆዪ።

ሁለተኛው የደም ግፊቱ ነው። ለዚህ ከስኳሩ ይልቅ ጨውና አትክልት ይበልጥ ያገባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው፤ ይህም አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ ዳቦው፣ አይቡና የታሸገው ምግብ ውስጥ ያለው ሁሉ ተደምሮ። በማሸጊያ ላይ ሶዲየም ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር በ2.5 ብታባዙት የጨውን መጠን ታገኛላችሁ። በአትክልት በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ በ459 አዋቂዎች ላይ የተሠራ ዳሽ የሚባል ጥናት አለ። አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የተቀነሰ የወተት ተዋጽኦ የበዛበት አመጋገብ ለ8 ሳምንት የተሰጣቸው ሰዎች፣ ክብደታቸውም የጨው መጠናቸውም ሳይለወጥ የደም ግፊታቸው ወርዷል፤ ግፊታቸው ከፍ ያለ በነበረው ላይ የላይኛው ቁጥር ከንጽጽሩ ቡድን በ11 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብሎ ታይቷል። ስለዚህ የሚቀነሰውን ብቻ ሳይሆን የሚጨመረውንም እናስብ።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ኢንሱሊን ወይም ስኳርን የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ዳቦውንና ጣፋጩን በድንገት ቢቀንስ የደም ስኳሩ አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል፤ መድኃኒቱ አብሮ መስተካከል አለበትና አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጎመንና ቅጠላ ቅጠል በአንድ ጊዜ አያብዛ፤ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ፖታሲየም ያለበትን የጨው ምትክ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጠቀም። ለሌላው ሰው መልካም የሆነው ለውጥ ለእነዚህ ሰዎች ሆስፒታል የሚያስገባ ሊሆን ይችላል።

ጀማሪዋ፦

አመሰግናችኋለሁ፤ ሁሉንም ደግሜ አነበብኩት። ለአንድ ሳምንት እጽፋለሁ። ከዚያ በመምህር መንገድ ሻዩን በግማሽ ማንኪያ እቀንሳለሁ። ለስላሳውን ለጊዜው አልነካውም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከያዝኩ ያው የድሮው እኔ እሆናለሁ ብዬ እፈራለሁ።

ፈጣኑ፦

ምክራችሁን አከብራለሁ፤ ግን በዚህ አካሄድ አንድ ሰው አመጋገቡን ለማስተካከል ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅበት ነው። ጠያቂዋ የ4 ወር ቀጠሮ አላት። እኔ ሁሉንም በአንድ ቀን ለውጬ በ3 ወር 11 ኪሎ ቀንሻለሁ። ሰው ጤናው አደጋ ላይ ሲሆን ግማሽ ማንኪያ እያለ መቆየት ያለበት አይመስለኝም።

ጀማሪዋ፦

ስለ ተቀነሰልህ ኪሎ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ በአንድ ጊዜ መለወጥ የሚችል ሰው እንዳለም አልክድም። እኔ ግን በፈጣኑ መንገድ 6 ዓመት ፈጅቶብኛል። ከዛሬ 6 ዓመት በፊት በግማሽ ማንኪያ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ጥያቄ አልጠይቅም ነበር።

ነርሷ፦

አንድ ነገር ብቻ። የደም ግፊቱ በጣም ከፍ ያለበት፣ የልብ ሕመም ያለበት ወይም አዲስ የስኳር ሕመም የተገኘበት ሰው ጊዜውን የሚወስንለት ሐኪሙ ነው፤ ለእሱ ፍጥነቱ ሊያስፈልግ ይችላል። 138 በ88 ተለክቶ በአመጋገብ እንዲሞክር ጊዜ የተሰጠው ሰው ግን ቀስ ብሎ መሄድ ይችላል።

ምግብ አብሳዩ፦

ከ20 ዓመት በላይ በምግብ ሥራ ላይ ስለኖርኩ ከድስቱ አጠገብ ስለሚሆነው ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ምክሩ "ጨው ቀንሱ፣ ዘይት ቀንሱ" ብሎ ያቆማል፤ እንዴት እንደሚቀነስ ግን የሚናገር የለም።

ችግሩ ያለው በእጃችን ላይ ነው። ዘይት ከጠርሙስ፣ ጨው ደግሞ በጣት ቆንጥረን ስለምንጨምር ልኩን አናውቀውም። አንድ ቀን ለራሴ ቤት ሳበስል እንደ ልማዴ ዘይቱን ወደ ድስቱ ከማፍሰስ ይልቅ ወደ ስኒ አፈሰስኩና በሾርባ ማንኪያ ለካሁት፤ 7 ማንኪያ ሆነ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 14 ግራም፣ ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ነው። በማግሥቱ 5 ማንኪያ አደረግሁ፤ ገበታው ላይ ማንም አላወቀም። ዛሬ በ3 ነው የማበስለው። ዘይት ሲቀንስ ሽንኩርቱ እንዳያርር እሳቱን ዝቅ አድርጎ ድስቱን መክደን፣ ሲደርቅ ደግሞ በየጊዜው አንድ ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ ማድረግ ነው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ይወረዛል፤ ቀጥሎ ጠርዙ ወርቃማ ይሆናል፤ ከዚያ ጠቅላላው ቡናማ ሆኖ ድስቱ ሥር ሲይዝ ያን የያዘውን በውኃ ፈትታችሁ መልሳችሁ ታዋሕዱታላችሁ። 25 ደቂቃ ይወስዳል፤ ነገር ግን የጎደለውን ጣዕም በሙሉ የሚተካው ይህ ነው።

ጨውን በተመለከተ ደግሞ ምግቡ ሊወርድ ሲል ጨምሩት፤ ገና ውኃው ሳይተን ቀምሳችሁ ከጨመራችሁ ሲጨርስ ይበዛል። በመጀመሪያው ወር ከልማዳችሁ ሩብ ያህሉን ብቻ ቀንሱ። "የሆነ ነገር ጎድሎታል" የሚል ስሜት ሲመጣ እጃችሁን ወደ ጨው ከመስደዳችሁ በፊት ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ዝንጅብል ሞክሩ፤ የጎደለው ብዙ ጊዜ ኮምጣጣው ነው። የምትጠቀሙት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ ሲቀነስ አዮዲኑም አብሮ ስለሚቀንስ አዮዲን በሌለው መተካት አይገባም። ጨው መያዣውን ከገበታው ላይ አንሥታችሁ ማድ ቤት አስቀምጡት። የሚፈልግ ሰው ተነሥቶ ሊያመጣው ይችላል፤ አብዛኛው ሰው ግን አይነሣም።

የሁለት ልጆች እናት፦

የምግብ አብሳዩን ምክር ትናንት ማታ ሞከርኩት፤ ሽንኩርቱ በእርግጥም እንዳሉት ሆነ።

እኔ የምጨምረው ስለ ቤተሰብ ነው። ለአራት ሰው የሚያበስል ሰው ለብቻው አመጋገቡን ሲለውጥ ሁለት ድስት ወደ መጣድ ይሄዳል፤ ሁለት ድስት ደግሞ ከሦስት ሳምንት በላይ የሚቆይ ጉልበት የለውም። ስለዚህ ለውጡ በጋራ ድስት ውስጥ፣ ማንንም ሳያስቆጣ መግባት አለበት። የተፈጨ ሥጋ ሳበስል መጀመሪያ አንድ አራተኛውን በበሰለ ምስር ተካሁት፤ በሁለተኛው ወር ግማሹን። ነጭ ሩዝ ውስጥ ቡናማ ሩዝ ስጨምር ቡናማውን ቀድሜ ለብቻው ጥጄ፣ ግማሽ ያህል ሲበስል ነጩን ጨመርኩበት፤ አብረው ከተጣዱ አንዱ ሲላሽቅ ሌላው ጥሬ ይሆናል። ይህን ሁሉ የማደርገው ደብቄ አይደለም፤ የ9 ዓመቱ ልጄ "ምስር አለበት እንዴ?" ብሎ ሲጠይቀኝ አዎን አልኩት፤ እሱም መብላቱን ቀጠለ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን የአቀማመጥ ለውጥ ነው። ካሮቱንና ዱባውን ከትፌ፣ ከእራቱ 20 ደቂቃ በፊት፣ ሁሉም ተርቦ ማድ ቤት በሚመላለስበት ሰዓት ገበታ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ብሉ አልልም። ብስኩቱ በፊት ውስጡን በሚያሳይ ዕቃ ውስጥ ዓይን ላይ ነበር፤ አሁን ከላይኛው መደርደሪያ፣ በማያሳይ ዕቃ ውስጥ ነው። አልከለከልኩትም፤ ለማውረድ ግን ወንበር ያስፈልጋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ባቄላ፣ ምስርና ሙሉ እህል በአንድ ጊዜ ካበዛችሁ ሆድ ይነፋል። እኛ ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንም ተቸገርን። ቀስ ብሎ መጨመርና ውኃ በደንብ መጠጣት፣ ባቄላውንም ዘፍዝፎ የዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍቶ መቀቀል ይረዳል።

አዲስ አንባቢ፦

ለስላሳን በፍራፍሬ ጭማቂ መተካትስ ይቻላል? እኔ በቀን 2 ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ እጠጣለሁ፤ ምንም ስኳር አልጨምርበትም።

ነርሷ፦

ሙሉውን ብርቱካን መብላት ይሻላል። በጭማቂ ውስጥ ያለውን ስኳር የዓለም ጤና ድርጅት ከሚጨመር ስኳር ጋር አብሮ ይቆጥረዋል፤ ምክንያቱም ፍሬው ሲጨመቅ አሰሩ ይቀርና ስኳሩ ብቻውን ይወርዳል። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት 3 ብርቱካን ይጨመቃል፤ 3 ብርቱካን ልጠው የሚበሉ ሰዎች ግን ብዙ አይደሉም። አንድ ብርጭቆ ከለመዱ በግማሽ ይጀምሩ፤ ጥሙን በውኃ ይቁረጡ።

ጀማሪዋ (ከ7 ሳምንት በኋላ)፦

ቃል እንደገባሁት ተመልሻለሁ። ሻዬ አሁን በአንድ ማንኪያ ተኩል ነው። መጀመሪያ ወደ 2 ማንኪያ ተኩል ስወርድ ልዩነቱን አላወቅሁትም። ወደ 2 ስወርድ 4 ቀን ያህል ሻዩ ባዶ ውኃ መሰለኝ፤ በአምስተኛው ቀን ስሜቱ ጠፋ። ባለፈው ሐሙስ አንዲት ባልደረባዬ እንደ ድሮው ልማዴ 3 ማንኪያ ጨምራ ሻይ አቀረበችልኝ። አንድ ጊዜ ፉት ብዬ ስኒውን መልሼ አስቀመጥኩት፤ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ማር ተጣበቀ። ከ7 ሳምንት በፊት በቀን 4 ጊዜ የምጠጣው ይኸው ሻይ ነበር።

ደብተሩ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገረኝ። ረፋድ ላይ ብስኩት የምበላው ቁርሴ ዳቦና ሻይ ብቻ ስለሆነ ነው፤ አንድ የተቀቀለ እንቁላል በጨመርኩበት ቀን ሁሉ ከብስኩቱ አጠገብ "አልፈለግሁም" የሚል ጽፌአለሁ። እንቁላሉን ያቀድኩት አልነበረም፤ ከቀድሞ እራት የተረፈ ስለነበር ነው።

ጥሩ ያልሆነውንም ልጻፍ። በአምስተኛው ሳምንት ዘመድ ታሞ ለ4 ቀን ሆስፒታል ስመላለስ ያገኘሁትን ሁሉ በላሁ፤ ሻዩንም በ3 ማንኪያ ጠጣሁ። በድሮው ልማዴ ቢሆን እዚያ ላይ ያከትም ነበር። ነርሷ ስለ መዝለል የጻፈችውን አስታውሼ በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ቀነስኩት ልክ ተመለስኩ። ከሁሉም ለውጥ ይህ መመለስ ነው ያስደነቀኝ።

ጡረተኛው መምህር፦

እህቴ፣ ስለ እነዚያ 4 ቀናት መጻፍዎ ከስኳሩ መቀነስ ይልቅ አስደስቶኛል። እኔ በ9 ዓመት ውስጥ ከመስመር የወጣሁባቸውን ጊዜያት ብቆጥር ከሃያ አያንሱም። የተማርኩት ነገር ቢኖር ለውጤን በበረታሁበት ቀን ልክ ሳይሆን በደከምኩበት ቀን ልክ መስፋት እንዳለብኝ ነው። በሰላሙ ቀን ሙሉ ገበታ አትክልት አዘጋጃለሁ፤ በከፋው ቀን ግን የታጠበ ካሮት ከዳቦ ጋር ይበቃል ብዬ አስቀድሜ ወስኛለሁ። ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሆን አንድ ምግብ አሁኑኑ ይምረጡ፤ የሚያስፈልገውም ሁልጊዜ ቤት ይኑር።

የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ፦

እንቅልፍንም አትርሱት። ፈረቃዬ ከተቀየረና ሌሊቱን መተኛት ከጀመርኩ በኋላ ጣፋጭ የመፈለግ ስሜቴ ያለ ትግል ነው የቀነሰው።

ነርሷ፦

ይህ በጥናትም የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት፣ ከ6 ሰዓት ተኩል በታች ይተኙ የነበሩ 80 ሰዎች ተሳትፈው፣ እንቅልፋቸውን በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ያራዘሙት ስለ ምግብ ምንም ሳይነገራቸው በቀን ወደ 270 ኪሎ ካሎሪ ያህል ቀንሰው በልተዋል።

ስለ ብስኩቱም እግረ መንገዴን ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በተሠራ ጥናት 20 ሰዎች ለ2 ሳምንት በፋብሪካ በብዛት የተቀነባበረ ምግብ፣ ለ2 ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው፤ እስኪበቃቸው እንዲበሉም ተፈቀደላቸው። የቀረበው ስኳር፣ ቅባት፣ ጨውና አሰር ተመጣጣኝ ነበር፤ ሆኖም በመጀመሪያው ዓይነት ምግብ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ፤ በፍጥነትም ነበር የሚበሉት። ለስላሳ ሆኖ አፍ ውስጥ የሚሟሟ ምግብ፣ ጠግበናል የሚለው መልእክት ከሆድ ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል። እንቁላሉ ብስኩቱን ያስቀረልሽ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ሳይታሰብ የመጣ ቢሆንም አሁን አስበሽ ያዢው።

ጀማሪዋ (ቀጠሮው ካለፈ በኋላ)፦

ቀጠሮዬ ትናንት ነበር፤ ግፊቴ 129 በ83 ሆኗል። ሐኪሟ ገና መንገድ እንዳለኝና በየ3 ወሩ እንድታይ ነግራኛለች፤ ደስታዬንም አልከለከለችኝም። በ4 ወር ውስጥ የለወጥኩት በድምሩ አራት ነገር ነው፦ ሻዩ በአንድ ማንኪያ ሆነ፤ ቁርሴ ላይ እንቁላል ወይም ባቄላ ገባ፤ ለስላሳው በሦስተኛው ወር እንደ ፈረቃ ሠራተኛው ምክር በአንድ ቀን ቀረ፤ ጨውና ዘይቱ በማንኪያ ይለካል። ኪሎዬ 3 ቀንሷል፤ ይህን ግን አስቤበት አልነበረም።

ከሰኞ ጀምሮ የምይዘው የእራቱን ሰዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት በ15 ደቂቃ ብቻ አስቀድመዋለሁ። ለከፋው ቀን የመረጥኩት ምግብ የባቄላ ሾርባ ስለሆነ ነገ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ባቄላውን እዘፈዝፈዋለሁ፤ ማታ ስመለስ ቀቅዬ፣ ለ3 ቀን የሚበቃውን ከፍዬ አቀዘቅዘዋለሁ። ቴሌቪዥኑን በተመለከተ ከባለቤቴ ጋር ገና አልተስማማንም።